ሲያጎነብስ ዝም በል፦ ከፑል ተጋጣሚህ ጋር እየተራረቡ በጨዋነት የመጫወቻ መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ፑል በዝምታ የሚጫወት ሰው ብዙም አታገኝም። ፒያሳ ሂድ፣ ማራኪ ሂድ፣ አዘዞ ውረድ፤ ጠረጴዛ ባለበት ሁሉ ወሬ አለ። አንዱ ይተርባል፣ ሌላው ያሟርታል፣ ሦስተኛው ግድግዳ ተደግፎ ሁለቱንም ይመክራል። ፑል ቤት ገብቶ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ቤተ መጻሕፍት ቢሄድ ይሻለዋል። እኔ በወሬው ቅር ብሎኝ አያውቅም። ሰዎች ሲጣሉ የማየው ግን ወሬው ሰዓቱን ስቶ ሲመጣ ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት ስለዚያ ሰዓት ነው። ምሳሌዎቼን በብዛት ከጎልፍ እወስዳለሁ። ጎልፍ ከእኛ ሰፈር ሩቅ ነው። ነገር ግን ተጋጣሚን በሥነ ልቦና የመረበሽና በጨዋነት የመጫወት ጉዳይ እዚያ ብዙ ተፈትኗል። በጎልፍ ተጫዋቹ ሕጉን በራሱ ላይ ማስፈጸም ይጠበቅበታል፤ ጥፋቱን ራሱ ይናገራል፣ ቅጣቱን ራሱ ይቆጥራል። ፑል ቤትም ዳኛ የለም። ያለነው እኔና አንተ ነን። (አንተ እያልኩ ብጽፍም ለአንቺም ነው። ወንዶቹን ተራ አስይዛ የምትረታ ሴት ያየ ሰው ይገባዋል።)

1. ኳሱ ከመደርደሩ በፊት ሕጉን ተነጋገሩ

በፑል ቤት ከሚነሳው ጭቅጭቅ ትልቁ ድርሻ ክፋት የለበትም። ሁለት ሰው በሁለት ሕግ ሲጫወት የሚመጣ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሊማር ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሌላው እዚሁ አራዳ ያደገ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የለመዱት ሕግ ለእነሱ ሕገ መንግሥት ነው።

ስለዚህ እንጨቱን ከማንሳትህ በፊት ጠይቅ። ፋውል ሲሆን ነጯን (በእንጨት የምንመታትን ኳስ) የፈለጉበት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል ወይስ ከመስመሩ ኋላ ብቻ ነው? በዓለም አቀፉ ሕግ የትም ማስቀመጥ ይቻላል፤ ብዙ ቤት ግን በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው። አንድ ምት ነው ወይስ ሁለት? ስምንቷ፣ ጨዋታውን የምትዘጋው ኳስ፣ የምትገባበት ቀዳዳ አስቀድሞ ይጠራል ወይ? ነጯ ሳትነካው በእጅጌ የተነካ ኳስስ? የጠረጴዛውን ማን ይከፍላል? ተሸናፊው ይከፍላል የሚለው ልማድ የታወቀ ቢሆንም መናገሩ አይጎዳም።

አንዱን ደግሞ በተለይ አትርሳው። መብራት ቢሄድስ? የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ሁለታችሁም ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እጅ ወደ ላይ፣ ስልክ አብርቶ የሚያሳየው ፑል ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ብቻ። በጨለማ ውስጥ ቦታ የቀየረች ኳስ ጓደኝነትን ታፈርሳለች።

ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያን አንድ ደቂቃ ያልከፈለ ሰው በኋላ ግማሽ ሰዓት ሲከራከር ይውላል።

2. ድንበሩን እወቅ፦ እጁ ጨርቁን ሲነካ ወሬ ያበቃል

ሕጉ አንድ መስመር ነው። ተጋጣሚህ ጠረጴዛውን እየዞረ፣ የእንጨቱን ጫፍ ጠመኔ እየቀባ፣ አንገቱን እያዘመመ ሲያይ የፈለግከውን በለው። ግራ እጁን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ ሲያጎነብስ ዝም በል። ነጯ ተመትታ እስክትቆም ድረስ ዝም በል።

ዝምታው የአፍ ብቻ እንዳይመስልህ። አፉን ዘግቶ የሚረብሽ ሰው ከተናጋሪው የባሰ ነው። ተጋጣሚህ አጎንብሶ በእንጨቱ አቅጣጫ ቀና ሲል ምን እንደሚያይ አስብ። ነጯን፣ ነጯ የምትመታትን ኳስ፣ ከኋላ ደግሞ ቀዳዳዋን ያያል። ከቀዳዳዋ ኋላ አንተ ሱሪህን ከፍ እያደረግህ ከቆምክ፣ የሚያየው ቀዳዳዋን ሳይሆን ቀበቶህን ነው። አምፖሉ ከጀርባህ ከሆነ ጥላህ ጨርቁ ላይ ይወድቃል፤ ስትንቀሳቀስ ጥላህም ይንቀሳቀሳል። ኪስ ውስጥ ሳንቲም ማንኳኳት፣ ልክ ሊመታ ሲል ጠመኔውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀጭ ማድረግ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ፣ የስልክ ጥሪ "ረስቼው" ማለት… እነዚህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። በዓለም አቀፉ የፑል ሕግም ተጋጣሚን ሆን ብሎ መረበሽ ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ድርጊት ተብሎ ያስቀጣል።

መቆሚያህ ከጎኑ ወይም ከኋላው ነው፤ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብለህ፣ እንጨትህን መሬት አስደግፈህ።

የሰዓቱን ነገር በደንብ የሚያሳይ የጎልፍ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የአሜሪካ ኦፕን አሜሪካውያኑ ጎልፈኞች ሊ ትሬቪኖና ጃክ ኒክላውስ እኩል ወጥተው በሜሪዮን ሜዳ መለያ ሊጫወቱ ቀረቡ። የመጀመሪያው ምት ሳይጀመር ትሬቪኖ ከቦርሳው የጎማ እባብ አወጣ። ኒክላውስ ወርውርልኝ አለው፤ ወረወረለት፤ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ትሬቪኖ በ68 ምት ጨረሰ፣ ኒክላውስ በ71፤ በጎልፍ የሚያሸንፈው በትንሽ ምት የጨረሰው ነው። እባቡ ረድቶታል የሚሉ አሉ። እኔ እንደማስበው ሁለቱንም አዝናንቷቸዋል። ዋናው ነገር ግን እባቡ የወጣው ማንም ሊመታ ሳይዘጋጅ መሆኑ ነው። ያው እባብ ኒክላውስ ኳሱ ላይ ካጎነበሰ በኋላ ቢወረወር ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ቀልድ አይሆንም ነበር።

3. ተረብህን ምረጥ

እኛ በዚህ አንታማም። ፉከራና ቀረርቶ ባለበት አገር ያደገ ሰው ተጋጣሚውን በቃል ማሸማቀቅ አይከብደውም። የገና ጨዋታን እንኳ አስብ፤ ዱላ፣ ሩር፣ ሁለት ቡድን፣ ከዚያ ደግሞ በግጥም መሰዳደብ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የተባለው ለዚሁ ነው። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሜዳ፣ ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ አይያዝበትም። ፈቃዱ ግን ለዚያ ቀንና ለዚያ ሜዳ ነበር። ማግስቱን ያንኑ ግጥም ደጃፉ ላይ ቢደግመው ሌላ ነገር ይሆናል።

ፑል ቤት ላይ ሜዳው ጠረጴዛው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ መተረብ ትችላለህ። ኳሷ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማ ከቀረች "ደጅ ስትጠና ልታድር ነው" በለው። በዕድል ካስገባት "ለእሷም ቀዳዳ ጠርተህላት ነበር?" በል። ፋሲል ከነማ በዚያ ሳምንት ተሸንፎ ከሆነና ተጋጣሚህ የአፄዎቹን ማሊያ ለብሶ ከመጣ፣ ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነው። የ2013 ዓ.ም ዋንጫን ይዞ ይመልስልሃል፤ ዝግጁ ሁን።

የማይነካው ደግሞ ግልጽ ነው። ቤተሰብ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ኪሱ ውስጥ ያለውና የሌለው ገንዘብ፣ የሰውነቱ ጉድለት፣ የፍቅር ጓደኛው። በዚህ የሚሳቅ ሳቅ ከፑል ቤት በር ይወጣና ሰፈር ውስጥ ይዞራል።

ከታላቅህ ጋር ስትጫወት ተረቡ አይቀርም፤ አንቱታውም አይቀርም። "ጋሼ፣ ዛሬ ነጯ አልታዘዝ አለችዎት እንዴ?" ማለት ያስቃል። ያንኑ በአንተ ብትለው ዙሪያው ያለው ሰው ፊት ይነሳሃል፤ ጨዋታውንም ብታሸንፍ አሸነፈ አይሉህም።

4. የተሸፈነውን ወጥመድ ለይ

ፊት ለፊት የሚተርብህ ሰው ብዙም አይጎዳህም። ጎጂው ወዳጅ መስሎ የሚመጣው ነው።

አንደኛው ሙገሳ ነው። "ወንድሜ፣ ዛሬ ክንድህ እንዴት ነው እንዲህ ቀጥ ያለው? ድሮ እንዲህ አልነበረም እኮ!" ይልሃል። አመሰገነህ ብለህ ደስ ይልሃል። ቀጥሎ ስታጎነብስ ክንድህን ማሰብ ትጀምራለህ። ለምዶ በራሱ የሚሠራ እጅ፣ ባለቤቱ ሲከታተለው ይደናበራል። ደረጃ ስትወርድ እግርህን እየቆጠርክ ለመራመድ ሞክር፤ ያኔ ይገባሃል። ሙገሳውን በ"አሜን" ተቀበልና ክንድህን እዚያው ተውለት።

ሁለተኛው ማሟረት ነው። "በቃ ጨረስክ፣ ይቺማ ቀላል ናት፣ እናትህም ታስገባታለች።" አሁን ብትስት ውርደት ሆነ። ኳሷ ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበረችው ኳስ ናት፤ የተጨመረው የአንተ ፍርሃት ብቻ ነው።

ሦስተኛው መንቀርፈፍ ነው። አራት ኳስ በተከታታይ ካስገባህ በኋላ ተራው ሲደርሰው ጫማውን ያስራል፣ ስልኩን ያያል፣ ጠመኔ ይፈልጋል፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ ይዞራል። ግለትህ እስኪበርድ እየጠበቀ ነው። ቁጭ በል። እንጨትህን ከእጅህ አውጣ። ቆመህ እየተናደድክ ከጠበቅከው የፈለገውን አገኘ ማለት ነው።

አራተኛውና ለእኔ ከሁሉም የረቀቀው፣ ልግስና ነው። በሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት በሚደረግ የጎልፍ ግጥሚያ፣ ተጋጣሚህ ኳሱን ቀዳዳው አጠገብ ካደረሰ "አትምታት፣ ገብታለች" ብለህ ልትለቅለት ትችላለህ። 11 ትልልቅ ውድድሮችን ያሸነፈው አሜሪካዊው ዋልተር ሄገን በዚህ የተካነ እንደነበር ይነገርለታል። በጨዋታው መጀመሪያ አጫጭር ምቶችን እየለቀቀ ይሄዳል። ተጋጣሚው ያን ዓይነት ምት አንድም ሳይመታ ይቆያል። መጨረሻው ሲቃረብ ሄገን ዝም ይላል። ሰውዬው ያቺን አጭር ምት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በጭንቅ ሰዓት፣ እጁ ሳይፍታታ ሊመታ ግድ ይሆናል። ይህ ማጭበርበር ነው? በእኔ አስተያየት አይደለም። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ማንንም አልረበሸም። ግን ፑል ቤት ውስጥ ደጋግሞ "ተዋት፣ ያንተ ናት" የሚልህ ሰው ካጋጠመህ፣ አመስግነህ ኳሷን ምታትና አስገባት።

5. የራስህን ሥርዓት ያዝ

ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከእያንዳንዱ ምት በፊት የማይለወጥ ሥርዓት። የጎልፍ ተጫዋቾችን በቴሌቪዥን ያየህ እንደሆነ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ከኳሱ ኋላ ይቆማሉ፣ መስመሩን ያያሉ፣ ይጠጋሉ፣ ይመታሉ፤ ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል።

ለፑል እንዲህ ይሆናል። ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ራቅ ብለህ ቆመህ ምቱን ምረጥ። ውሳኔ የሚሰጠው ቆሞ ነው፤ አጎንብሶ የሚያመነታ ሰው ይስታል። ጠመኔውን ቀባ። ትንፋሽህን አውጣ። አጎንብስ። እንጨቱን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ አለማምድ፤ ቁጥሩን አንዴ ከመረጥክ አትቀይር። ዓይንህን ነጯ የምትመታው ኳስ ላይ አድርገህ ምታ። ኳሶቹ እስኪቆሙ እንዳጎነበስክ ቆይ።

በመሃል የሆነ ነገር ከገባብህ፣ ድምፅ ይሁን ጥላ ወይም የራስህ ሐሳብ፣ አትምታ። ተነስ። ከመጀመሪያው ጀምር። "ፈራ!" ይሉሃል፤ ይበሉ።

ተጋጣሚህ አጎንብሰህ ሳለ ከተናገረ፣ ለመጀመሪያው ጊዜ ሳቅና እለፈው፤ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል። ከደገመው ቀና ብለህ፣ ድምፅህን ሳታነሳ፣ "ወንድምዓለም፣ ስመታ ብቻ ዝም በልልኝ፤ ከዚያ እንደፈለግክ ተርበኝ" በለው። ይህ አባባል የሚሠራው ተረቡን ስላልከለከልከው ነው። ከሰለሰ ጨዋታውን ጨርስ፣ ሂሳቡን ዝጋ፣ ለሚቀጥለው ሌላ ሰው ፈልግ። መልሶ መረበሽ ግን አይሆንም። ያን ጊዜ ማን እንደጀመረው ማንም አያስታውስም።

6. ከዳር የቆሙትን ያዝ

ተመልካች የሌለበት ፑል ቤት የለም፤ ዝም የሚል ተመልካችም እንዲሁ። ይህ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ (የአገራችንን ቼዝ) ሲጫወቱ አይቶ ነበር። ጨዋታው በጫጫታ የተሞላ እንደነበር፣ በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ፣ አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ ጠጠሩን እያነሱ "እዚህ ነው" እያሉ ያሳዩ እንደነበር ጽፏል። ሌላም ነገር አስተውሏል፤ ብልሃት ተፈጥሮለት ሁልጊዜ ያሸነፉት ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ፑል ቤት ውስጥ እንደ ራስ ወልደ ሥላሴ ያለ ጌታ ስለሌለ ምክሩ ለአንዱ ወገን ብቻ ሲሆን ጠብ ያመጣል። በጎልፍ ተጫዋቹ ከካዲው (ዱላዎቹን ከሚሸከምለት ረዳቱ) ወይም ከቡድን አጋሩ በቀር ከማንም ምክር መጠየቅ አይችልም፤ ከጠየቀ ይቀጣል። እናንተም ከመጀመሪያው ተስማሙ፤ ወይ ምክር ለሁለቱም ይፈቀድ ወይ ለማንም አይፈቀድ። የራስህ ጓደኛ ተጋጣሚህን ከረበሸ ዝም የማሰኘት ኃላፊነቱ የአንተ ነው። "ተወው፣ ይምታ" የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች።

ስለ ገንዘብ ማስያዝ አንድ ነገር ብቻ። ብር ሲያዝ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይከብዳል፤ ለጠረጴዛው ክፍያ ተጫወቱ።

7. ያልታየውን ፋውል ራስህ ተናገር

የጎንደር ማታ ይበርዳል፣ ሰው ጃኬቱን እንደለበሰ ይጫወታል። ሩቅ ያለችን ኳስ ለመምታት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተሃል እንበል። ሰፊው እጅጌህ ከሥር ያለችውን ኳስ ይነካታል፤ የጣት ውፍረት ያህል ትንከባለላለች። ተጋጣሚህ ለስላሳውን እየቀዳ ነው። ተመልካቹ በር ላይ ያለፈውን ሰው እያየ ነው። ማንም አላየም።

እጅህን አንሳና "ነካኋት" በል። ኳሷን ራስህ አትመልሳት፤ እሱ መጥቶ ያስቀምጣት ወይም ባለችበት ይተዋት። ከዚያ መጀመሪያ በተስማማችሁት ሕግ ቀጥሉ።

ጎልፈኛው ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1925 የአሜሪካ ኦፕን ላይ ይህ ደረሰበት። ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሱ ሣሩ ውስጥ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ከእሱ በቀር ያየ አልነበረም። ኃላፊዎቹ ነገሩን እንዲተወው ቢያግባቡትም በራሱ ላይ አንድ ምት ጨመረ። በመጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነ፣ በመለያውም ተሸነፈ። ያቺ አንድ ምት ባትኖር ዋንጫው የእሱ ነበር። ሰው ሲያመሰግነው፣ ባንክ አልዘረፍክም ብሎ እንደማመስገን ነው ማለቱ ይነገራል።

ለመለየት የሚያስቸግር ምትም አለ። ነጯ የአንተንና የእሱን ኳስ በአንድ ላይ የምትነካ ከመሰለህ፣ ከመምታትህ በፊት ሁለታችሁም የምታምኑትን ሰው ጠርተህ "እስቲ ይቺን እይልን" በል። ከተመታ በኋላ የሚጠራ ዳኛ ጥቅም የለውም።

8. ስትለቅ ጮክ ብለህ ልቀቅ

ስምንቷ ቀዳዳው አፍ ላይ ናት፣ ነጯ ቀጥታ ፊት ለፊቷ፣ ተራው የእሱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኳሷን በእጁ ከትቶ "በቃ፣ ያንተ ነው" ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህን ማለት የሚችለው የሚሸነፈው ወገን ብቻ ነው፤ ከተናገረ በኋላም መመለስ የለም። የጎልፍ ሕግም እንዲሁ ይላል፤ አንዴ የተለቀቀ ምት አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ በተደረገው የሴቶች የሶልሃይም ዋንጫ አሜሪካዊቷ አሊሰን ሊ ምቷ የተለቀቀላት መስሏት ኳሷን አነሳች። ማንም አልለቀቀላትም ነበር። የአውሮፓዋ ሱዛን ፔተርሰን አልለቀቅንም አለች፣ የዚያ ጉድጓድ ድልም ለአውሮፓ ሆነ። ሕጉ ከፔተርሰን ጋር ነበር። አሜሪካኖቹ ግን በቁጭት ተነስተው ያን ቀን 14½ ለ13½ አሸነፉ፤ ፔተርሰንም በኋላ ይቅርታ ጠየቀች። ለእኛ ፑል ቤት የሚጠቅመው ይህ ነው፦ "ልቀቅልኝ" የሚል ፊት አይተህ ኳስ አታንሳ፣ "ያንተ ነው" የሚል ቃል በጆሮህ ስማ። የምትለቅም ከሆነ አንገት በመነቅነቅ አትለፈው፣ በቃል ተናገር።

በዚያው ልክ፣ ያኔ አሜሪካና ብሪታንያ ይገናኙበት የነበረውን የራይደር ዋንጫ፣ እ.ኤ.አ. የ1969ኙን፣ ማየት ነው። እንግሊዝ፣ ሮያል በርክዴል፣ የመጨረሻው ግጥሚያ፣ የመጨረሻው ጉድጓድ። ኒክላውስ የራሱን አስገባ። ለቶኒ ጃክሊን ከአንድ ሜትር ያነሰች ምት ቀረችው። ቢስት እንግሊዞቹ ይሸነፋሉ። ኒክላውስ የኳሱን ቦታ የሚያሳየውን የጃክሊንን ምልክት ከሣሩ ላይ አነሳና ለቀቀለት። ውድድሩ 16 ለ16 አለቀ፤ በዋንጫው ታሪክ የመጀመሪያው አቻ ነበር። የራሱ ቡድን መሪ ሳም ስኒድ እንኳ አልተደሰተም። እኔ ስኒድም እውነት አለው እላለሁ፤ ቡድን ወክለህ ስትጫወት የምትለግሰው የሌሎቹን ድካም ጭምር ነው። ለሻይ ሂሳብ በሚደረግ ፑል ግን ማን ይጠይቅሃል? ልቀቅ።

9. ሲያልቅ

መጀመሪያ እጅ ተጨባበጡ፤ እንጨቱ ከዚያ በኋላ ይቀመጣል። ያሸነፍከው ሰው ሂሳቡን እየከፈለ ሳለ አትተርበው፤ ኪሱ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው ቀልድ አይሰማም። ከተሸነፍክ የጠረጴዛውን መዘንበል፣ የእንጨቱን መጣመም፣ የጨርቁን መቀደድ አትቁጠር። ሁለታችሁም በዚያው ጠረጴዛ ነው የተጫወታችሁት።

በጣም ከአንተ የሚያንስ ተጫዋች ከሆነ ሆን ብለህ እየሳትክ እንዲያሸንፍህ አታድርግ፤ ይገባዋል፣ ያመዋልም። ከፈለግህ አስቀድመህ ሁለት ኳስ አውጣለትና በሙሉ ኃይልህ ተጫወት። የሚቀጥለውን ዙር ድርደራ ደግሞ ለእሱ ተውለት፣ መጀመሪያም እሱ ይምታ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ካለ ግን አሸናፊው ይቀጥላል፣ ተሸናፊው እንጨቱን ያቀብላል፤ ቦርዱ ላይ ስም ያስጻፈውን ሰው "አንድ ብቻ እንድገም" ብለህ አታስቸግረው።